መጀመሪያ ቦርጬን ላጥፋ ወይስ እንዲሁ ልግባ? (የአንባቢያን ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ሰነበቱ፣ የምጽፍልዎት ከጎንደር ነው። ዕድሜዬ 36፣ ክብደቴ 97 ኪሎ፣ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማህተም መምታት ነው። ዘንድሮ ለጥምቀት ከባሕረ ጥምቀቱ ታቦት አጅበን ስንመለስ ፒያሳ ሳንደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ብሎ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ፣ የ7 ዓመት ልጄ «አባዬ ታቦቱ እኮ ጥሎን ሄደ» አለኝ፣ ያቺ ነገር እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣችም። ሩጫ አልወድም፣ ጂም የ3 ወር ከፍዬ የሄድኩት 5 ቀን ነው። ልጅ ሆኜ ግን ትግል ነፍሴ ነበር፣ አሁን ማታ ማታ ዩቱብ ላይ ጁዶና የብራዚል ጁጂትሱ የሚባሉትን ትግሎች ከፍቼ ሳፈጥ ሚስቴ «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው» ትላለች። ልጀምር ነው ብዬ ጓደኞቼን ሳማክር «መጀመሪያ ቦርጭህን አጥፋ፣ እንዲህ ሆነህ ከሄድክ አንቀው ይገድሉሃል» ብለው ሳቁብኝ። እውነት መጀመሪያ ሰውነቴን ላስተካክል ወይስ እንዲሁ ልግባ? ከገባሁስ የቱን ልማር፣ ጎንደር ሆኜስ ከየት ልጀምር?
ባለ ቦርጩ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ባለ ቦርጩ ወንድሜ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ አንተ ልበልህ። ጓደኞችህ ቢያስቡልህ ነው፣ ምክራቸው ግን «ገላዬ እስኪጸዳ አልታጠብም» ዓይነት ነው። እንዲሁ ግባ፣ ከነቦርጭህ። አስበው እስኪ፣ ቦርጭ ያጠፋሉ የተባሉትን ሩጫውንም ጂሙንም ሞክረህ አልሆነልህም፣ ስለዚህ «መጀመሪያ» የሚሉህ ነገር ዘንድሮም አይመጣም ለከርሞም አይመጣም፣ ትግሉን ግን ስለምትወደው ትመላለሳለህ፣ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ሳያስበው ሱሪው ይሰፋዋል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው የማያውቀው ይሄን ነው፣ ጀማሪን የሚያደክመው ቦርጩ ብቻ አይደለም። እኔ ጁዶ የጀመርኩት በ31 ዓመቴ አዲስ አበባ ሥራ ላይ እያለሁ ነው፣ ያኔ ቦርጭ የሚባል አልነበረኝም፣ ደምቢያ ከብት ስጠብቅ የስንቱን እረኛ ጀርባ አፈር ያስነካሁ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ነው የገባሁት። አንድ ምሳውን የበላ የማይመስል ቀጫጫ ልጅ ሰጡኝ። ኮሌታውን ጨምድጄ ያዝኩት፣ ያለኝን ጉልበት በሙሉ ለቀቅኩበት፣ እሱ ዝም ብሎ ወዲህ ወዲያ ይላል፣ 2 ደቂቃ ሳይሞላ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉ፣ ክንዴ ድንጋይ ሆነ፣ ዓይኔ ጭልም አለ፣ ከዛ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ ጣሪያውን እያየሁ ነው። አሰልጣኙ መጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «ወንድም፣ ከገባህ ጀምሮ አንዴም አልተነፈስክም እኮ!»

እውነቱን ነበር። ጀማሪ ሲፈራ ትንፋሹን ይይዛል፣ የያዘውን ልብስ ደግሞ ነፍሱን እንደያዘ አይለቅም፣ ጡንቻ ሳይላላ እንደተጨመደደ ሲቆይ ደም እንደልብ አይዘዋወርበትም፣ ክንድ የሚቃጠለው ለዛ ነው። ዳገት እንደ ፍየል የሚወጡ ሯጮች ምንጣፍ ላይ በ3 ደቂቃ ሲያለከልኩ አይቻለሁ። ስለዚህ የመጀመሪያ የቤት ሥራህ ቦርጭ ማጥፋት ሳይሆን መተንፈስ ነው፣ የሚታገልህ ሰው ደረትህ ላይ ሲጫንህ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው እፍ እያልክ አውጣ፣ ማስገባቱ በራሱ ይመጣል። ከ2100 ሜትር በላይ ስለምንኖር አየሩ ስስ ነው ብለህም አታመካኝ፣ ተወልደህ ያደግክበት አየር ነው።

ሁለተኛው የቤት ሥራ መውደቅ ነው። ይሄን ረዘም አድርጌ ልንገርህ ምክንያቱም ከጀማሪ ጉዳት ብዙውን ያየሁት እዚህ ጋ ነው። ልጅ ስትሆን ሣር ላይ ትወድቃለህ፣ ትንከባለላለህ፣ ትነሳለህ፣ አለቀ። አዋቂ ሰው ግን ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ሊመክት ይሞክራል፣ ያኔ 97 ኪሎህ በሙሉ በአንዲት አንጓ ላይ ያርፋል። እኔ በሦስተኛው ሳምንት እንዲህ ሆኜ የእጄ አንጓ ተሰንጥቆ 6 ሳምንት ጀሶ ታስሮልኝ ነበር፣ የጣለኝ ልጅ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ጥፋቱ የኔ እጅ ነው። ጃፓኖቹ አወዳደቁን ኡኬሚ ይሉታል፣ ጁዶ ቤት ከሌላው ሁሉ በፊት የሚያስተምሩህ እሱን ነው። አገጭህን ወደ ደረትህ ትሰበስባለህ፣ የቀበቶህን ቋጠሮ እንደምታይ ማለት ነው፣ ጭንቅላትህ መሬት እንዳይነካ፣ ጀርባህን እንደ ቅል ታጎብጣለህ፣ ልክ ስታርፍ ክንድህን ከትከሻ እስከ መዳፍ ከጎንህ ብዙም ሳታርቅ ምንጣፉ ላይ ጧ ታደርጋለህ፣ በዛችው ቅጽበት ትንፋሽህን ታወጣለህ። ቤት ውስጥ ፍራሽ አንጥፈህ መጀመሪያ ከተቀመጥክበት ወደኋላ መውደቅ ተለማመድ፣ ሲለምድህ ቁጢጥ ካልክበት፣ ከቆምክበት ግን አስተማሪ ሳያይህ አትሞክር። ልጅህንም ጥራው፣ ደስ ይለዋል፣ ካንተ ፈጥኖ እንደሚችለው ደግሞ ከአሁኑ እወቀው።

ሦስተኛው እጅ መስጠት ነው። እዚህ ጋ እኛ ጎንደሬዎች ችግር አለብን፣ መቅደላ ላይ እጅ አልሰጥም ያለው የቋራው ካሣ አገር ሰው ነንና እጅ መስጠት ሞት ይመስለናል። ምንጣፍ ላይ ግን ሌላ ነው። ክንድህን አጥፎ ወይ አንገትህን ይዞ ከገባብህ የሰውየውን ገላ ወይ ምንጣፉን መታ መታ ታደርጋለህ፣ እጅህ ከተያዘ በአፍህ ትናገራለህ፣ እሱ በዛችው ሰከንድ ይለቅሃል፣ ተሳስቃችሁ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በ5 ደቂቃ 6 ጊዜ መታ መታ ብታደርግ ማንም አይንቅህም። አንገት ስትታነቅ በግራና በቀኝ ያሉት ወደ ጭንቅላት ደም የሚያደርሱ ሥሮች ይጫናሉ፣ በትክክል ከተያዘ ሰው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል፣ ስለዚህ «ትንሽ ልቻለው» የሚባል ጨዋታ የለም። ጉልበትና ቁርጭምጭሚት የሚጠመዝዙት ደግሞ የባሰባቸው ናቸው፣ ሕመሙ ሳይሰማህ ጅማቱ ሊበጠስ ይችላል፣ ጀማሪ ሆነህ እግር ጥምዘዛ ውስጥ አትግባ። አንተ መታ መታ እያደረግክ የማይለቅ ሰው ካጋጠመህ ደግሞ ሁለተኛ ከሱ ጋር አትያዝ፣ አሰልጣኙ ዝም ካለ ቤቱን ራሱ ለቀህ ውጣ።

የቱን ልማር ላልከው። ልጅ ሆነህ የምትወደው የኛ ትግል ቆሞ ነው፣ ጠልፎ ወይ አንስቶ ጀርባን መሬት ማስነካት። ለዛ የሚቀርበው ጁዶ ነው። ጁዶን የመሠረተው ጂጎሮ ካኖ የሚባል ጃፓናዊ መምህር ነው፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 የማይሞላ፣ ልጅ ሆኖ ጉልበተኞች ሲያስቸግሩት ነው የድሮውን የጃፓን ትግል፣ ጁጁትሱን፣ መማር የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ አንድ ቤተ መቅደስ ግቢ ውስጥ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቅ ያመጣበት የ1957 ዓ.ም. ኦሎምፒክ ጁዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባበትም ነው፣ አበበ በሮጠ በሁለተኛው ቀን አንቶን ጊሲንክ የሚባል ግዙፍ ሆላንዳዊ የጃፓኑን ካሚናጋን መሬት ላይ ይዞ አስቀርቶ አገሩ ላይ ወርቁን ወሰደበት። በጁዶ ሰውን በኃይልና በፍጥነት በጀርባው ከጣልከው አለቀ፣ ወይ መሬት ላይ 20 ሰከንድ ይዘህ ካቆየኸው፣ ወይ እጅ ካሰጠኸው።

የብራዚሉ ጁጂትሱ የዚሁ የጁዶ ልጅ ነው፣ ሚትሱዮ ማየዳ የሚባል ጁዶኛ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገብቶ ያስተማረውን ግሬሲ የሚባለው ቤተሰብ አስፋፋው። አብዛኛው ሥራ መሬት ላይ ነው፣ ብዙ ቦታ ልምምድ የሚጀመረው ተንበርክኮ ወይ ተቀምጦ ስለሆነ ለ97 ኪሎ ሰው አወዳደቁ ይቀለዋል፣ ከሥር ሆነህ በጀርባህ ተኝተህም ማሸነፍ ይቻላል፣ ይሄ ነገር ለኛ ሰው ሲነግሩት ይስቃል። እ.ኤ.አ. በ1993 ሮይስ ግሬሲ በ80 ኪሎ ገደማ ከሱ የሚከብዱትን ሁሉ ያሸነፈበት ውድድር ነው ዓለም ያወቀው። ጥቁር ቀበቶው ግን ብዙ ሰው ላይ 10 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ አትቸኩል። ፍሪስታይልና ግሪኮ ሮማን የሚባሉት ትግሎችም አሉ፣ ግሪኮ ሮማን ከወገብ በታች መያዝ አይፈቅድም፣ ሁለቱም ጥሩ ናቸው ግን ፍጥነታቸው ለ36 ዓመት ጀማሪ ትንሽ ይከብዳል። የኔ ምርጫ? ምርጫ ካለህ ጁጂትሱ፣ ከሌለህ ጁዶ፣ ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ጥሩ አስተማሪ ያለው ማንኛውም ትግል። ከስሙ ሰውየው ይበልጣል።

እንግዲህ ጎንደር። እንደምታውቀው ቴኳንዶና ካራቴ የሚያስተምር ማግኘት አይቸግርም፣ መያያዝ የሚያስተምር ግን መፈለግ አለብህ። ቴኳንዶ ቤቶች ሄደህ ሳቦሞቹን (አሰልጣኞቹን) ጠይቅ፣ እነሱ ማን ጁዶ እንደሚሠራ ማን ምንጣፍ እንዳለው ያውቃሉ፣ ዩኒቨርሲቲው ስፖርት ሳይንስ የሚማሩ ልጆችንም ጠይቅ። ስትሄድ ብር ከመክፈልህ በፊት አንድ ቀን ጥግ ይዘህ ቁጭ ብለህ እይ። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶና ዋንጫ ተወው፣ መሬቱን እይ፣ ሲሚንቶ ላይ ስስ ነገር አንጥፈው ሰው የሚወረውሩ ከሆነ በመጣህበት ባጃጅ ተመለስ። አዲስ ሰው በመጣበት ቀን ከጉልበተኛ ጋር የሚያገናኙት ከሆነም ተመለስ። ከአንተ የሚበልጡ ትልልቅ ሰዎች ካሉ፣ አሰልጣኙ ስልኩ ላይ ሳይሆን ሰዎቹ ላይ ዓይኑን ከተከለ፣ ሲታገሉ ሳቅ ከሰማህ፣ እዛ ግባ።

ምንም ካላገኘህና ከአጎትህ ልጅ ጋር ቤት ውስጥ ፍራሽ ላይ ልትለማመድ ካሰብክ (ታስባለህ፣ አውቃለሁ) አንገት ማነቅና ክንድ ማጠፍ ከዩቱብ አትማር። ከሥር ሆነህ መውጣትን ብቻ ተለማመድ፣ ዳሌህን ወደ ጎን እያሸሸህ መንፏቀቅ፣ ዳሌን ወደ ላይ አንስቶ የተጫነን ሰው መገልበጥ፣ እሱ ብቻውን ላብ በላብ ያደርግሃል።

ከመጀመርህ በፊት ደም ግፊትህንና ስኳርህን ተለካ፣ የደረት ሕመም፣ የዲስክ መንሸራተት ወይ ቡአ ካለብህ ለሐኪሙ «ትግል ልጀምር ነው» ብለህ በግልጽ ንገረው፣ «ስፖርት» ብቻ ካልከው የእግር ጉዞ ይመስለዋል። በሳምንት 2 ቀን ይበቃሃል፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ረቡዕና ዓርብ ከምትጾም ጋር እንዳይጋጭ። ዐቢይ ጾም ሲመጣ 55 ቀን ሙሉ አቁም አልልህም፣ ሰዓቱን በየቀኑ ከምትበላበት በፊት ያለችው ሰዓት ላይ አድርገህ ጫናውን ቀንሰው፣ ቴክኒክ ብቻ ሥራ፣ ሲጨርሱ ውሃና ሽሮ። ራስህን ካዞረህ ቁጭ በል፣ ማንም አይፈርድብህም። የቀሩትን ቀናት ወደ ጎሃ ዳገት ቀስ ብለህ ውጣ፣ ሩጥ አላልኩህም።

ስለ ንጽህና ደግሞ ይሄን ሳልነግርህ ካለፍኩ ሚስትህ ትረግመኛለች። ምንጣፍ ላይ በጣም የሚተላለፈው ጭርት ነው። ጥፍርህን ቁረጥ፣ እንደጨረስክ ወዲያው ታጠብ፣ ልብሱን ሳይታጠብ ሁለቴ አትልበስ፣ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት አንድ ጀሪካን ለዚህ ብለህ አስቀምጥ። ቆዳህ ላይ ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ነገር ካየህ እስኪድን አትሂድ። ማተብህን ፍታ የሚል ሰው ካለ አትጣላው፣ እኔ ክሩን ትቼ መስቀሉን ብቻ አውልቄ ኪሴ ነው የማስቀምጠው፣ ክሩም ቢሳብ በጥሶ የሚሄድ ስስ ይሁን፣ ጠንካራ ገመድ አንገት ላይ አስረህ አትታገል።

የመጀመሪያው ወር እንዲህ ነው የሚሆነው፣ ከልምምዱ ማግስት ትንሽ ያምሃል፣ በሁለተኛው ቀን ደረጃ መውረድ ያቅትሃል፣ እሱ የጡንቻ ነው ይለቃል። መገጣጠሚያ ላይ እንደ መርፌ የሚወጋ ወይ የሚያብጥ ከሆነ ግን የጡንቻ አይደለም ተመርመር። ሁሉም ይጥልሃል፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳይቀር። በሦስተኛው ወር አንድ ቀን፣ ከሥር ሆነህ የተጫነህን ሰው ሳታስበው ገልብጠህ ከላይ ትገኛለህ፣ እሱን ቀን ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ ጎንደር የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ዶርም ውስጥ 2 ሆነን ጁዶ ልንማር አስበናል ግን ቦታው ላይ ያሉት ሁሉ ወንዶች ናቸው፣ ደግሞ ሁለታችንም ስፖርት ሠርተን አናውቅም። ቤተሰብ ቢሰማ «ሴት ልጅ መሬት ላይ ከወንድ ጋር ስትንከባለል» ምናምን መባሉ አይቀርም። ምን ይመክሩናል?
ሁለት እህትማማቾች፣ ከማራኪ

መልስ፦ እህቶቼ፣ ሁለት መሆናችሁ ግማሹን ችግር ፈቶታል፣ እርስ በርስ ተያዙ። አሰልጣኙን ገና ሳትመዘገቡ «ለጊዜው እኛ ሁለታችን ነን የምንያያዘው» በሉት፣ እሺ ካለ ጥሩ ሰው ነው፣ ካኮረፈ ደግሞ ሳትከፍሉ ስላወቃችሁት ተመስገን። ኋላ ስትለምዱ ከወንድ ጋር መሥራት ትፈልጉ ይሆናል፣ ያኔም አልፈልግም ካላችሁ ምክንያት መስጠት የለባችሁም፣ ሰውየው ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

ቤተሰብን በተመለከተ፣ ይሄ የኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። ረስቲ ካኖኮጊ የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1959 ኒውዮርክ ውስጥ ወንድ መስላ የጁዶ ውድድር ገብታ አሸንፋ ሴት መሆኗ ሲታወቅ ሜዳሊያዋን አስመለሷት፣ እሷ ናት በ1980 የመጀመሪያውን የሴቶች የዓለም ጁዶ ሻምፒዮና ያዘጋጀችው፣ ኦሎምፒክ ላይ የሴቶች ጁዶ በሙሉ ሜዳሊያ የገባው በ1992 ባርሴሎና ነው፣ የሴቶች ትግል ደግሞ በ2004 አቴንስ። እናታችሁ ከፈራች አንድ ቀን ይዛችኋት ሂዱና ጥግ ላይ አስቀምጧት፣ አወዳደቅ ስትለማመዱ አይታ ስቃ ትመለሳለች። ከልብሱ ሥር ረዥም ጠበቅ ያለ ሱሪና ቲሸርት ልበሱ፣ ጉትቻ አውልቁ፣ ፀጉር ተለቆ ከሚሆን ሹሩባ ይሻላል። ስፖርት ሠርታችሁ አለማወቃችሁ ምንም አይደለም፣ ከላይ ለባለ ቦርጩ የጻፍኩት አወዳደቅና አተነፋፈስ ለናንተም ያው ነው።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ለውድድር 4 ኪሎ በ3 ቀን መቀነስ አለብኝ። ጓደኛዬ ፕላስቲክ ለብሰህ ሩጥ ውሃ አትጠጣ አለኝ፣ ይሠራል?
ከቀበሌ 18

መልስ፦ ሚዛኑ ላይ ይሠራል፣ ምክንያቱም የምታጣው ውሃ ነው፣ ስትጠጣ ይመለሳል፣ እስከዛ ግን ልብህና ኩላሊትህ ናቸው የሚከፍሉት። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ 3 የዩኒቨርሲቲ ታጋዮች በሳምንታት ልዩነት እንዲሁ ኪሎ ሊቀንሱ ሲሉ ሞተው ነው የላስቲክ ልብሱና ሳውናው የተከለከለው፣ ሁሉም ካንተ በጥቂት ዓመት የሚበልጡ ጎረምሶች ነበሩ። ባለህ ኪሎ ተወዳደር፣ ብትሸነፍ ትሸነፋለህ። ፕላስቲኩን ለእናትህ መልስላት፣ በርበሬ ታሰጣበት።